ራስጌና ግርጌ

መኝታ ቤት እንዳስውብ ስጠራ፣ መትሬን ከኪሴ ሳላወጣ ባለቤቱን «እስቲ አልጋው ላይ ጋደም ይበሉ» እላለሁ። የሳቀብኝም የተቆጣኝም አለ። ከተጋደሙ በኋላ ምን እንደሚታያቸው ስጠይቅ የሚቆጥሩልኝ ኮርኒሱን፣ ቁምሳጥኑንና የግርጌውን ግድግዳ ነው። ባለ አበባው ወረቀት ይለጠፍበት የተባለው የራስጌው ግድግዳ ግን ከጭንቅላታቸው ጀርባ ነውና አያዩትም።

ስንት ክፍል ቀብቼና ለጥፌ የደረስኩበት ይኸው ነው፤ ወረቀቱ በር ከፍቶ ለሚገባ ሰው፣ ቀለሙ ለሚተኛው ሰው ነው። ስለዚህ ራስጌው ላይ ደፈር ያለ ወረቀት ሲመረጥ አልከራከርም። የምከራከረው ለግርጌው ነው። ዓይን ከመከደኑ በፊት የሚያርፍበት እሱ ነውና ጸጥ ያለ ቀለም ይገባዋል።

ገርጂ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንዲት እናት «አራቱንም ግድግዳ በአበባ ሙላልኝ፣ ልጄ፤ በቱርክ ድራማ እንዳየሁት» አሉኝ። «እማማ፣ የእነዚያ ሰዎች ክፍል አዳራሽ ነው፤ የእርስዎ 3 ሜትር በ3 ሜትር ከ20 ነው። አራቱንም ከለጠፍን በስጦታ ወረቀት በተጠቀለለ ካርቶን ውስጥ ይተኛሉ» ስላቸው ሳቁና ሦስቱን ግድግዳ ለቀለም ለቀቁልኝ።

ወረቀትና ቀለም ማጣመር የዘመኑ ፋሽን ነው የሚለኝም ብዙ ነው። እናቴ ጭቃ ቤታችንን ለበዓል ስታሰማምር በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ የምትለጥፈው ከመኝታው ጥግ ጀምራ ነበር፤ አፈሩ ብርድ ልብሱ ላይ እንዳይረግፍ። የቀረው ግድግዳ ኖራ ይቀባል። ራስጌው ወረቀት፣ ግርጌው ቀለም።

መጀመሪያ የሚገዛው ወረቀቱ ነው። ቀለም እንደፈለጉት ይበጠበጣል፤ ወረቀት ግን ፋብሪካ እንዳተመው ነው የሚመጣ። ቀለሙን ከወረቀቱ ላይ ስመርጥ ጎልቶ የወጣውን አበባ አልከተልም። ቀይ አበባ አይቶ ሦስቱን ግድግዳ ቀይ ያስቀባ ሰው አውቃለሁ፤ ክፍሉ ሥጋ ቤት መሰለ። እኔ የምፈልገው ማንም ልብ ያላለውን ነው፤ የቅጠሉን ጥላ፣ የግንዱን ጠርዝ፣ አንዳንዴም መደቡን። እሱን በነጭ አሳስቼ ግርጌው ላይ 1 ሜትር ካሬ ያህል እቀባና ማታ አምፖል አብርተው እንዲያዩት እነግራለሁ። 2,700 ኬልቪን የሆነው ቢጫ አምፖል ያሞቀውን ክሬም፣ 6,500 የሚለው ነጭ አምፖል አመድ ያስመስለዋል። መኝታ ቤት ደግሞ የማታ ክፍል ነው።

ሒሳቡ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የተለመደው ጥቅል 53 ሳንቲሜትር ወርድና 10 ሜትር ርዝመት አለው። 3 ሜትር ግድግዳ 6 ቁራጭ ይፈልጋል። ቁመቱ 3 ሜትር ከ20 የሆነ የድሮ ቤት ብንወስድ፣ ከላይና ከታች ለሚከረከመው 10 ሳንቲሜትር ተጨምሮ ከአንድ ጥቅል 3 ቁራጭ ይወጣል፤ ስለዚህ 2 ጥቅል በቂ ነው። ይህ ግን ወረቀቱ ሥዕል የሌለው ከሆነ ነው። ሥዕሉ በየ64 ሳንቲሜትሩ የሚደጋገም ከሆነ፣ አበባ ከአበባ እንዲገጥም እያንዳንዱን ቁራጭ በ3 ሜትር ከ84 መቁጠር ግድ ይሆናል። ያኔ ከጥቅሉ 2 ቁራጭ ብቻ ይወጣል፤ 3ኛ ጥቅል ያስፈልጋል። ሲገዙም የሁሉም ባች ቁጥር አንድ መሆኑን ይዩ፤ ካልሆነ አንዱ ከአንዱ ይደምቃል፣ ያውም ከተለጠፈ በኋላ ነው የሚታየው።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር። አንድ ቤት የራስጌው ግድግዳ ጀርባው መታጠቢያ ቤት ነበር። እጄን አሳርፌ «ደረቅ ነው» ብዬ ቪኒል ወረቀት ለጠፍኩበት። ቪኒል እርጥበት አያስወጣም። ክረምቱ ሳያልፍ መጋጠሚያው ተላቀቀ፤ ከሥሩ ጥቁር ሻጋታ ነበር። በገዛ ገንዘቤ ገፍፌ ቀለም ቀባሁት። ከዚያ ወዲህ የተጠራጠርኩትን ግድግዳ በላስቲክ እሸፍንና አራቱን ጠርዝ በፕላስተር አሽጌ አንድ ቀን አሳድረዋለሁ። ከላስቲኩ ውስጥ ጤዛ ከያዘ ወረቀት አልለጥፍበትም። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከሆነም ቢያንስ 4 ሳምንት እጠብቃለሁ።

ቅደም ተከተሉ አጭር ነው፦ ኮርኒስ፣ ባለ ቀለሙ ግድግዳ፣ የበሩ ፍሬም፣ ዞኮሎ፤ ወረቀት መጨረሻ። የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ያለበትን ግድግዳ በብርጭቆ ወረቀት ሳልፍቅ፣ የሚቦነን ኖራ ያለበትን ሳልፍቅና ሳልጠርግ ሙጫ አላስነካም።

ጊዜዬን የሚበላው ማዕዘኑ ነው። ቤቶቻችን ቀጥ ያለ ማዕዘን የላቸውም፤ ማዕዘኑን ተከትሎ የተለጠፈ ወረቀት አበባውን ይዞ ይጋደላል። ስለዚህ ቱምቢ አውርጄ በእርሳስ አሰምርና የመጀመሪያውን ቁራጭ ከመስመሩ እጀምራለሁ። ቀለሙን ደግሞ ማዕዘኑን አሳልፌ ወረቀቱ ወደሚመጣበት ግድግዳ 2 ሳንቲሜትር ያህል አስገባዋለሁ፤ ወረቀቱ ሲከረከም ነጭ ስንጥቅ አይታይም። ከወረቀቱ ሥር ያለውንም ግድግዳ መደቡን በሚመስል ቀለም አንድ እጅ እቀባዋለሁ። «የማይታይ ነገር ለምን ትቀባለህ?» ይሉኛል። መጋጠሚያው አንድ ቀን ትንሽ ከከፈተ ይታያላ።

ሥራው ሲያልቅ የተረፈውን ወረቀት አይጣሉት። ጀርባው ላይ የቀለሙን ቁጥርና የገዙበትን ቀን ጽፈው ጠቅልለው ቁምሳጥን ላይ ያኑሩት፤ የአልጋው ራስጌ ወረቀቱን ሲፍቀው የሚጠግኑበት እሱ ነው።