ድንጋይ አይደለም

ደባርቅ ላይ የሶላር መብራትና ሞባይል ስጠግን ከሁሉ ቃል አብልጬ የሰማሁት «ድንጋዩ ሞተ» የሚለውን ነው። ከጃናሞራ፣ ከበየዳ፣ ከዳባት የሚመጣው ገበያተኛ የሊትየሙንም ባትሪ ድንጋይ ይለዋል። ከስሙ ጋር ልማዱም ተወርሷል። የድሮውን የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ በጥርስ ነክሰን አንድ ሁለት ሌሊት እናበራበት ነበር፤ ሲያልቅለት ሰብረን ጥቁሩን ለትምህርት ቤት ሰሌዳ መቀቢያ እናደርገው ነበር። ሊትየም እንዲህ ከተያዘ ይነዳል። ውስጡ እንደ ወረቀት የሳሱ ንጣፎች ተጠቅልለውበታል፤ በመካከላቸው ያለው መለያያ ከተበሳ ይጋጋላል፣ ጭሱም መርዝ ነው።

«ልጄ፣ ትንሽ ፀሐይ ላይ ላቆየው?» ይሉኛል አንዲት እናት።

«ኧረ አይሆንም እማማ፣ ይስጡኝ።»

መጀመሪያ በቴስተር እለካዋለሁ። የተለመደው ዓይነት ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው። ከ3 በላይ ካሳየኝ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ጊዜ የተበላሸው ሽቦው ወይም ማብሪያው ነውና። ከ2 በታች ወርዶ ወራት የከረመውን ግን አልነካም። እንዲያ ሲከርም በውስጡ ያለው መዳብ ይሟሟል፤ እንደገና ሲሞላ ደግሞ ባልታሰበበት ቦታ ይጋገርና ውስጥ ለውስጥ ያገናኘዋል። ይህን ሳላውቅ አንዱን አስነስቼ መለስኩ። በሦስተኛው ቀን የመብራቱ ፕላስቲክ ቀልጦ መጣልኝ። የተኛ ልጅ አጠገብ ነበር የተቀመጠው። ያን ቀን ያደረብኝ ድንጋጤ እስካሁን አልለቀቀኝም።

የእኛ አገር ብርድም የራሱ ጣጣ አለው። ከ3,600 ሜትር በላይ ባለው የተራራ ሰፈር በጨነቅ ውርጭ ይወርዳል። ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሊትየሙ ወደ ውስጥ መግባቱን ትቶ ላይ ላዩን ይጋገራል፤ ባትሪው ያረጃል፣ አደገኛም ይሆናል። እዚያ ለሚጠብቁት የፓርክ ስካውቶች «ማታ ጋቢያችሁ ውስጥ ይደር፣ ጠዋት ሲሞቅ ሶላሩ ላይ ሰኩት» እላቸዋለሁ።

ያበጠውንና የሞተውን ጫፉን በፕላስተር ሸፍኜ ደረቅ አሸዋ በሞላሁት እንስራ ውስጥ እቀብራለሁ። የመኪናውን የእርሳስ ባትሪ ገዢ ራሱ ፈልጎ ይወስደዋል። የሊትየሙን የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ውጭ አገር ግን ፋብሪካዎች ፈጭተው ኮባልትና ኒኬሉን ያወጡበታል። እኛም ዘንድ ስለ አደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥቷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሎ የኤሌክትሪኩ እየበዛ ነው። መዳፍ የምታህለዋ ባትሪ መድረሻ ካጣች የመኪናው የት ሊገባ ነው?

እንስራዬ አፉ ድረስ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል።