የ2004 ዓ.ም. የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ እና የእርሻ ስፍራ

የኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን በ1968 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተው የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ዐሥር ዓመት ያህል የሥራ ልምድ ነበረው። በመሆኑም የአገሪቱ የተደራጀ ሳይንሳዊ ምርምር ሥሩ ከማሳ ነው ቢባል ከእውነቱ መራቅ አይሆንም። ይሁንና የሁለቱ ተቋማት ጉዞ ከመነሻው የተለያየ ነበርና፣ እርሻን የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ አድርጎ የማየት ዝንባሌ በሳይንስ ዕቅድ አውጪዎች ዘንድ ሥር ሰደደ።

ይኸው ዝንባሌ በ2004 ዓ.ም. በወጣው ፖሊሲ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። የሰነዱ ራዕይ አገሪቱ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ውጤታማ የውጭ ቴክኖሎጂዎችን በፍጥነት የምትማርበት፣ የምታላምድበትና የምትጠቀምበት አቅም ገንብታ ማየት ነበር። ተልዕኮው ደግሞ ቴክኖሎጂ ተፈልጎ፣ ተመርጦና ገብቶ የሚውልበትን ስፍራ ሲያመለክት አምራችና አገልግሎት ሰጪ ድርጅቶችን ይጠራል። አብዛኛው ሕዝብ የሚኖርበት እርሻ በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የለም። ሰነዱ ግብርናን ከነጭራሹ ረስቷል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ተልዕኮ በጀትና የሰው ኃይል የሚከተሉት ቃል ስለሆነ፣ ጉድለቱ እንደ አጻጻፍ ግድፈት ብቻ ሊታለፍ አይገባውም።

ለአብነት ያህል ጤፍን መመልከት ይበቃል። የጤፍ ቴክኖሎጂ ከየትኛው የውጭ አገር ተፈልጎ ይመረጣል? የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ማዳቀሉ ለረጅም ጊዜ ተመራማሪዎችን ያስቸገረ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ታረቀ በርሄ አበባው ከጧቱ 1 ሰዓት ገደማ ለጥቂት ጊዜ እንደሚከፈት ከደረሱበት በኋላ ግን ሥራው የሚቻል ሆነ። በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል የወጣው «ቁንጮ» የተባለው ዝርያ የዱከምን ምርታማነት ከማኛ ንጣት ጋር ያጣመረው በዚሁ የማዳቀል ዘዴ ነው። ይህ ማላመድ አይደለም፤ በፖሊሲው ሚዛን ግን በየትኛው ዐምድ እንደሚመዘገብ ግልጽ አይደለም።

የመረሬ አፈር ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ይህ ጥቁርና ከባድ አፈር በክረምት ውኃ ስለሚቋጥር ገበሬው ዘሩን እስከ ዝናቡ መገባደጃ ያቆያል፤ የክረምቱም ዋና ወራት ያለ ሰብል ያልፋሉ። የእነዋሪ ገበሬዎች ግን ሰፋፊ መደብና ቦይ በእጃቸው እየሠሩ ውኃውን ያንጠፈጥፉ ነበር። ከቦዩ አፈር እየዛቁ በመደቡ ላይ በመከመር ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ ይደክማሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የከብት ሀብት ማዕከል ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር በመተባበር፣ ሁለት የአገሬውን ማረሻ አጣምሮ በጥማድ በሬ የሚሳብ መደብ ማውጫ አዘጋጀ። ክብደቱ ለበሬውም ለአራሹም አስቸጋሪ ሆኖ ቅሬታ ተነሣበት፤ እንዲቀልም ተሞከረ። (ሞፈር ተሸክሞ ማሳ ወርዶ ለሚያውቅ ሰው ቅሬታው ምንም አያስገርምም።) ሆኖም የመሣሪያው መነሻ ከውጭ የመጣ ሐሳብ ብቻ እንዳልነበረ የእነዋሪ ማሳ ይመሰክራል።

የውጭ ቴክኖሎጂ አያስፈልግም ብሎ መከራከር እርግጥ ከንቱ ነው። «ኩብሳ» የተባለው የስንዴ ዝርያ ከዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል የተገኘ ሲሆን፣ ለብዙ ገበሬዎች ጥሩ ምርት ሰጥቷል። በ2003 ዓ.ም. ግን ቢጫ ዋግ ተነሥቶ ክፉኛ ጎዳው። ዋግ ዘሩን እየለወጠ የሚመጣ በሽታ በመሆኑ፣ የገባን ዝርያ ተክቶ የሚቆም ሌላ ዝርያ ሳያሰልሱ የሚያዘጋጁ አዳቃዮች በአገር ውስጥ ከሌሉ ማስገባቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እንግዲህ ፖሊሲው በራሱ መለኪያ እንኳ ቢመዘን፣ ማላመድ የሚቻለው የፈጠራ አቅም በማሳ ላይ ሲኖር ነው።

ሌላው ክፍተት በሥልጠና በኩል ያለው ነው። በየቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት ሦስት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች እንዲመደቡ ሲወሰን ብዙ ሺህ ወጣቶች ለዚሁ ሠልጥነዋል። ሥልጠናው በዋናነት ያተኮረው የተዘጋጀን ጥቅል ወደ ገበሬው በማድረስ ላይ ነው። ከገበሬው ወደ ምርምር ጣቢያው የሚመለሰው ዕውቀት የማን ኃላፊነት እንደሆነ የሳይንስ ፖሊሲውም ሆነ የኤክስቴንሽን ሥርዓቱ በቅጡ አልወሰነም። ተልዕኮው ሲሻሻል «እርሻ» የሚለውን ቃል መጨመር የአንድ ቀን ሥራ ነው። እነዋሪ ላይ መደብ የምትሠራውን ሴት ዘዴ ጽፎ ለተመራማሪው የሚያደርሰውን ሠራተኛ ማሠልጠንና ደመወዙን ከሳይንስ በጀት መክፈል ግን ገና ያልተጀመረ ሥራ ነው።