ስለ ቍጣ ፈሊጦች አተረጓጐም

በድሬዳዋ እንግሊዝኛ የምንማር ተማሪዎች ለፈተና ስንዘጋጅ ከእጅ ወደ እጅ የምናስተላልፈው የፈሊጥ ዝርዝር አለ። በግራ በኩል የእንግሊዝኛው ፈሊጥ፣ በቀኝ በኩል የአማርኛው ፍች ተጽፎበታል። የቍጣው ክፍል ሲታይ ግን የቀኙ ፍች ከላይ እስከ ታች አንድ ነው፤ ይኸውም «በጣም ተናደደ» የሚል ነው። የዚህን አሠራር ጕድለት እንደሚከተለው ለማስረዳት እንሞክራለን።

አስቀድመን ሁለቱ ቋንቋዎች የሚገናኙበትን እንመልከት። ጆርጅ ሌኮፍና ዞልታን ኮቬቼሽ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ የቍጣ ፈሊጦች ሰውን እንደ ማሰሮ፣ ቍጣን በውስጡ እንደሚፈላ ውሃ ያዩታል። አማርኛም «ደሙ ፈላ»፣ «ገነፈለ» ይላል። «ተናደደ» የሚለው ቃል ራሱ ከ«ነደደ» ጋራ አንድ ሥር ነው። ስለዚህ ምስሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ልዩነቱ የሚመጣው በቍጣው አኳኋን ነው። «ሂት ዘ ሩፍ» ድንገተኛ ቍጣ ስለ ሆነ አቻው «ቱግ አለ» ነው። «ሲመር ዊዝ ሬጅ» ግን ሳይገነፍል በውስጥ የሚቈይ ነውና «በገነ» ወይም «አንጀቱ አረረ» ይስማማዋል። «ሲ ሬድ» «ዐይኑ ደም ለበሰ» ከሚለው ጋራ ይመሳሰላል፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛው ቀዩን የሚያየው የተቈጣው ሰው ሲሆን፣ በአማርኛው የሚያየው ፊት ለፊቱ የቆመው ነው።

«ሌት ኦፍ ስቲም» የሚለው ከእንፋሎት ሞተር የመጣ ነው። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ የገባው ባቡር በእንፋሎት ይሄድ ስለ ነበር፣ የከተማችን ሰው ነገሩን በዐይኑ አይቶታል፤ እንፋሎቱ በዝቶ እንዳይፈነዳ ትርፉ ይለቀቃል። ስለዚህ ፈሊጡ «ወጣለት» እንጂ «ንዴቱን ተወጣበት» አይባልም፤ ሁለተኛው ተጐጂ አለውና።

ጕዳዩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 541፣ ከከባድ ትንኰሳ የተነሣ በብርቱ ስሜት የተፈጸመን ግድያ ቅጣቱ ከሚቀልባቸው መካከል ይቈጥረዋል። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በየዕለቱ በሚገናኙበት እንደ ድሬዳዋ ባለ ከተማ፣ «ቱግ ብሎ መታው» እና «ሲበግን ከርሞ መታው» የሚሉትን በአንድ ቃል የሚያስተረጕም ሰው ዋናውን ነገር ከዳኛው ይሰውራል።

ዝርዝሩ ለማስታወስ እንደሚረዳ አንክድም፤ ብዙዎቻችን ፈተና ያለፍነው በእርሱ ነው። የምንጠይቀው ሦስተኛ ዐምድ እንዲጨመርበት ነው፤ በእርሱም ቍጣው ድንገተኛ ነው ወይስ የቈየ፣ በውስጥ የቀረ ነው ወይስ የወጣ፣ ከወጣስ ያረፈበት ሰው አለ ወይ የሚሉት ይመለሱ። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ተማሪ እንግሊዝኛውን ሲማር የራሱንም ቋንቋ አብሮ ይመረምራል ብለን እናምናለን።