ታች ያለውን የማይረሳ ሒሳብ

የሒሳብ ተመራማሪውን የዶ/ር ሰሙ ምትኩ ካሣን የምርምር ጽሑፎች ርዕሶች ብቻ ተራ በተራ ያነበበ ሰው የሠራተኛውን ጠባይ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ጽሑፍ የሚያቀርበው ስልት የሚሠራው «ለልዩ የችግር ምድቦች» መሆኑን ገና ከርዕሱ ይናገራል። የ2015ቱ የውሳኔ መጠኖቹ ወሰን ያላቸው ይሁኑ ይላል። የ2016ቱ ገደቦቹ በቀጥተኛ ቀመሮች የታጠሩ ሲሆኑ ነው፤ የ2017ቱም «ለአንዳንድ ምድቦች» ይላል። ርዕስ ማስፋት ቀላል ነው፤ አንባቢም ያበዛል። እኚህ ሰው ግን ያረጋገጡትን ብቻ ቃል ይገባሉ። ይህ ልማድ ሥራቸውን ለመውደድ የመጀመሪያው ምክንያቴ ነው።

ዶ/ር ሰሙ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ሲያስተምሩና ሲመራመሩ ቆይተው በኋላ ወደ ቦትስዋና ዓለም አቀፍ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተሻግረዋል። ሙያቸው ኦፕሬሽንስ ሪሰርች ነው፤ በተለይም ባለብዙ እርከን ኦፕቲማይዜሽን፣ ማለትም ወሳኞች በተዋረድ ሆነው እያንዳንዱ ለራሱ የሚበጀውን የሚመርጥበት ሒሳብ። ይህ ዘርፍ ከጌም ቲዎሪ ጋር የሚገናኘው በጀርመናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በሃይንሪሽ ፎን ሽታክልበርግ በኩል ነው። ሽታክልበርግ እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው መጽሐፍ ቀድሞ የሚወስን መሪና የእሱን ውሳኔ አይቶ የሚመልስ ተከታይ ያሉበትን ገበያ መረመረ። መሪው ብልህ ከሆነ ተከታዩ ምን እንደሚመልስ አስቀድሞ አስልቶ ነው የሚወስነው።

ነገሩን ኮምቦልቻ መናኸሪያ አውርደን እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የፈጠርኳቸው ናቸው። መናኸሪያው ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ በየምልልሱ የሚከፍለውን ይወስናል እንበል። ሾፌሩ ደግሞ ክፍያውን አይቶ በቀን ስንት ጊዜ የሐረጎን ዳገት እንደሚወጣና እንደሚወርድ ይወስናል። እስከ 30 ብር ድረስ 5 ጊዜ ይመላለሳል። ከዚያ በላይ እያንዳንዱ የ10 ብር ጭማሪ አንድ ምልልስ ያስቀረዋል፤ 80 ብር ሲደርስ ጨርሶ መስመሩን ይተዋል። ሾፌሩን እንደ ግዑዝ ዕቃ የቆጠረ ኃላፊ «5 ምልልስ በ80 ብር፣ 400 ብር» ብሎ ያሰላል፤ ማታ ካዝናው ባዶ ነው። የሾፌሩን መልስ ቀድሞ ያሰላ ኃላፊ 40 ብር ላይ ይቆማል፤ 4 ምልልስ፣ 160 ብር። በ30 ብርም በ50 ብርም ቢሞክር የሚያገኘው 150 ነው።

አሁን ከሾፌሩ በታች ተሳፋሪውን እንጨምር። እሱም ይወስናል፤ ዛሬ እሄዳለሁ ወይስ ለነገ አሳድራለሁ ይላል። እርከኑ ሦስት ሆነ። አሜሪካዊው ሮበርት ጄሮስሎው እ.ኤ.አ. በ1985 እንዳሳየው፣ ቀመሮቹ ሁሉ ቀጥተኛ ቢሆኑ እንኳ እርከን በተጨመረ ቁጥር የችግሩ ክብደት ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ዶ/ር ሰሙ የመረጡት ማሳ ይህ ነው።

ከአባይ ሞላ ካሣ ጋር በ2013 እና በ2016 ያሳተሟቸው ሁለት ሥራዎች ችግሩን የሚይዙት ከታች ጀምረው ነው። የላይኞቹን ውሳኔ ገና ያልታወቀ ቁጥር አድርገው ያስቀምጡና የመጨረሻውን ተከታይ ችግር ይፈታሉ። ስለዚህ የሚገኘው መልስ አንድ ቁጥር አይደለም፤ «የበላይህ እዚህ ክልል ውስጥ ከወሰነ መልስህ ይህ ቀመር ነው፣ እዚያኛው ውስጥ ከወሰነ ደግሞ ያኛው» የሚል ሙሉ ዝርዝር ነው። ሾፌራችን ሦስት ክልል ነበረው፤ እስከ 30 ብር፣ ከ30 እስከ 80 ብር፣ ከ80 ብር በላይ። ዝርዝሩ ወደ ላይኛው እርከን ይተላለፋል፤ እዚያም እንደገና እንዲሁ ይሠራል፤ እስከ ጫፍ።

ጭንቁ የሚመጣው የታችኛው ችግር ኮንቬክስ፣ ማለትም እንደ ጎድጓዳ ሳህን ባለ አንድ ዝቅታ፣ ሳይሆን ሲቀር ነው። በደሴና በሐይቅ መካከል ካለው ከፍታ ተነስቶ ዝቅተኛውን ቦታ የሚፈልግ መንገደኛ፣ ቁልቁለት ብቻ እየተከተለ ወደ ሰሜን ከወረደ ሐይቅ ዳር ይቆማል። ሐይቁ መውጫ ስለሌለው ከዚያ በታች ቁልቁለት አያገኝም፤ ዝቅተኛውን ያገኘ ይመስለዋል። በደቡብ በኩል የቦርከና ወንዝ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ አዋሽ ተፋሰስ እንደሚወርድ ግን አላየም። ኮንቬክስ ያልሆነ ችግር እንዲህ ያለ አገር ነው። በየአቅጣጫው የሚያታልል ዝቅታ ሊኖረው ይችላል።

የ2016ቱ ጽሑፍ እዚህ ላይ የሚያደርገው ነገር እጅግ ያምራል። ከእውነተኛው ቀመር ሥር ሌላ፣ ጎርባጣነት የሌለው ኮንቬክስ ቀመር ያነጥፋል፤ ይህኛው በየትም ቦታ ከእውነተኛው አይበልጥም። በሥር የተነጠፈው ለመፍታት ቀላል ስለሆነ ይፈታል፤ ከዚያ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ይለካል። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ክልሉ ይከፈልና በየቁራጩ እንደገና ይነጠፋል። ቁራጩ ባነሰ መጠን የታችኛው ወደ እውነተኛው ይጠጋል። መልሱ ሊኖር የማይችልበት ቁራጭ ይጣላል። ሥራው የሚቆመው ክፍተቱ አስቀድሞ ከተወሰነ ትንሽ መጠን ሲያንስ ነው፤ ስልቱ እዚያ እንደሚደርስም በጽሑፉ ውስጥ ማረጋገጫ ቀርቧል። ስህተቱ ከዚህ አይበልጥም ተብሎ የተሰጠ ቃል፣ ያውም በማረጋገጫ የታሰረ፣ ከብዙ ፈጣን ስልቶች ይበልጥብኛል።

ፈጣኑንም አልናቁትም። በ2015 ወልደማርያም ከተባሉ ተመራማሪ ጋር ያቀረቡት፣ በተፈጥሮ ምርጫ አምሳል መልሶችን እያራባና እያጣራ የሚሄድ ኢቮሉሽናሪ ስልት የቀመሮቹን ቅርጽም የእርከኖቹን ብዛትም አይመርጥም።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙትን፣ ኤችአይቪን ለመቆጣጠር የሚመደብ ገንዘብ በሦስት እርከን እንዴት እንደሚከፋፈል የሚመረምረውን ሥራ ነው። ግሎባል ፈንድና የዓለም ባንክ የሚሰጡት ገንዘብ በቀጥታ ለታለመለት ሰው አይደርስም። መካከል ላይ ብዙ ወሳኝ አለ፤ እያንዳንዱም የራሱ ዓላማ አለው። ኮምቦልቻ ያለ ጤና ጣቢያ ይህን ያለ ሒሳብም ያውቀዋል። ጽሑፉ ድልድሉ በአብዛኛው በግምት እንደሚሠራ አንስቶ፣ ሰንሰለቱን በሙሉ አንድ ባለ ሦስት እርከን ችግር አድርጎ ይጽፈዋል።

በዚህ ሥራ ውስጥ አንድ ውጤት አለ። ገንዘብ ሲጨመር አገልግሎቱ በዚያው ልክ እንደሚጨምር እንውሰድ፤ እጥፍ ብር፣ እጥፍ አገልግሎት። ከዚህ የቀለለ ግምት የለም። ሆኖም የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ውጤት በሞዴሉ ውስጥ ሲገባ፣ የታችኛው እርከን ችግር ኮንቬክስ መሆኑ ይቀራል። ጎርባጣነቱ የመጣው ከገንዘቡ ቀመር አይደለም፤ ከበሽታውና ከሕክምናው አካሄድ ነው። ስለዚህ ቀስ በቀስ እያሻሻሉ መሄድ ወደ ትክክለኛው ድልድል ለማድረሱ ዋስትና የለም። ለዓመታት ኮንቬክስ ላልሆነው የታችኛ እርከን መሣሪያ ሲያበጁ የቆዩ ሰው፣ የሰው ሕይወት ያለበት ጥያቄ ላይ ያንኑ ቅርጽ አገኙት።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ተማሪዎችና የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህራን ይህን ሥራ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው እንዲያነቡት አደራ እላለሁ። ከ2018ቱ ይጀምሩ፤ ዓላማው እዚያ ግልጽ ነው። ከዚያ ወደ 2016ቱ ይመለሱና ማረጋገጫውን መስመር በመስመር ይከተሉ። ለጥያቄ የሚሆን የኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ በቅርባቸው ነው። ጉምሩኩ ይወስናል፣ የጭነት ባለንብረቱ አይቶ ይመልሳል፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ፋብሪካ ደግሞ ከሁለቱ በኋላ ይወስናል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ሩቅ አገር ሄዶ መፈለግ አያስፈልግም።