አስታማሚ የሌለው ሕክምና፦ ስለ አዳዲስ የሥነ ልቦና ሕክምና መንገዶች የቀረበ ሒስ

እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ አውስትራልያ፣ ፈቃድ የተሰጣቸው የአእምሮ ሐኪሞች ኤምዲኤምኤ የተባለውን ንጥረ ነገር ከአሰቃቂ ገጠመኝ ለሚመነጭ የአእምሮ ሁከት፣ ሲሎሳይቢን የተባለውን ደግሞ ለሌላ ሕክምና ላልተበገረ የመንፈስ ጭንቀት እንዲያዙ በመፍቀድ ከዓለም ቀዳሚ ሆናለች። ከዚያ በፊትም ቢሆን በዓይን እንቅስቃሴ፣ በሥዕል፣ በትረካና በተመስጦ የሚያክሙ ባለሙያዎች በምንኖርባት በሜልበርን ከተማ ጥቂቶች አልነበሩም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ግን ከእነዚህ መንገዶች የትኛው ይሻላል የሚለው አይደለም። ታማሚው ከማን ጋር ሆኖ እንደሚታከም የጠየቀ አለ ወይ የሚለው ነው።

ጥያቄው የመነጨው ከመጽሐፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት በከተማው ምዕራባዊ ሠፈር የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት ወገናችን እንቅልፍ አጥተው፣ እህል አልዋጥ ብሏቸው ሳሉ፣ እኛና ጎረቤታቸው አጅበናቸው ወደ አንድ የምክር አገልግሎት ሄድን። አማካሪዋ የታካሚዋን ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል ውጭ እንድንቆይ በፍጹም ትሕትና ጠየቁን። እናታችን ከአስተርጓሚው ጋር ብቻቸውን ገቡ። ሲወጡ የተናገሩት አንድ ነገር ነበር፦ «ሰው እያለኝ ሰው እንደሌለኝ ቆጠሩኝ።» ዳግመኛም አልሄዱም። ማንም አላጠፋም፤ ደንቡ የተጻፈው ግን ለሌላ ዓይነት ሰው ነበር።

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ አንድ ትልቅ ቃል አለው፤ አስታማሚ። በዚህ አገር ክላየንት የሚባለውን ሰው ተርጓሚዎቻችን አንድ ጊዜ ደንበኛ፣ ሌላ ጊዜ ባለጉዳይ ይሉታል። የመጀመሪያው የሱቅ፣ ሁለተኛው የመሥሪያ ቤት ደጃፍ ትዝታ አለበት። አስታማሚ ግን ሐኪምም አይደለም፣ ጠያቂም አይደለም። ከታማሚው ግርጌ የሚያድር፣ የሚያጎርስ፣ ታማሚው መናገር ሲያቅተው የሚናገርለት ሰው ነው። ሕክምና ያለ አስታማሚ በአገራችን ልማድ ግማሽ ሕክምና ነው።

ከአዳዲሶቹ መንገዶች ለዚህ እሳቤ እጅግ የሚቀርበው፣ የአዴሌይዱ ማይክል ዋይትና የኒው ዚላንዱ ዴቪድ ኤፕስተን የጀመሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍም የታወቀው የትረካ ሕክምና ነው። ፍሬ ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ችግሩን ከሰውየው ለይቶ ስም ማውጣት፣ ከዚያም ሰውየው ከችግሩ ጋር ያለውን ግንኙነት እንዲመረምር ማገዝ። ዋይት በ1980ዎቹ ልብሳቸው ላይ የሚጸዳዱ ሕፃናትን ሲረዳ ችግሩን እንደ አንድ ተንኮለኛ ፍጡር እየሰየመ ልጁንና ወላጆቹን በአንድ ወገን አሰልፏል። ጥፋተኛ ይባል የነበረው ልጅ ተከላካይ ሆነ። ይህን ሥራ ሳናደንቅ አናልፍም።

ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ዛርን ማስታወሱ አይቀርም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ በባለዛሯ በመልካም አየሁ ቤት የተመለከተውን በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ቴያትር አድርጎ ተንትኖታል። በዚያው ዓመት ሳይመን ሜሲንግ የተባለው አንትሮፖሎጂስት የዛርን ማኅበር ከቡድን ሕክምና ቆጥሮ ጽፎበታል። በዛር ቤት ሕመሙ ስም ይወጣለታል፣ ጠባዩ ይታወቃል፣ ድርድር ይደረግበታል። ይህንን ስንል «እኛ ቀድመን ነበርን» ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ኩራት ማንንም አላዳነም። ልዩነቱን ለማሳየት ነው። በዛር ቤት ስሙ የሚወጣው በጉባኤ ፊት ነው፤ ታማሚዋም የዚያ ጉባኤ አባል ሆና ትቀራለች። በአማካሪው ክፍል ግን ስሙ የሚወጣው በሰዓት በተለካ ቀጠሮ፣ በሁለት ሰዎች መካከል ነው።

ዋይት ይህን ጉድለት አልሳተውም። በኋላ ሥራዎቹ የታማሚውን ትረካ ሰምተው ያስተጋቡ ዘንድ ምስክሮችን ወደ ክፍሉ አስገብቷል፤ ሐሳቡንም ያገኘው ከአንትሮፖሎጂስቷ ከባርባራ ማየርሆፍ ነው። ማየርሆፍ ያጠናቻቸው እነማን ነበሩ? ከምሥራቅ አውሮፓ ተሰድደው በካሊፎርኒያ፣ ቬኒስ በተባለ ሠፈር ያረጁ አይሁድ፤ ሌላው ዓለም ሲረሳቸው እርስ በርስ በመተያየት መኖራቸውን ያረጋገጡ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ስደተኞች በገዛ ማኅበራቸው የፈጠሩት ነገር የሙያ ስልት ሆኖ ተመልሶ ለስደተኞች ይቀርባል፤ እኛ ባየናቸው ክፍሎች ግን የምስክሩን ወንበር የሚይዘው ሌላ ባለሙያ እንጂ የታማሚው ሰው አይደለም። የመጀመሪያው ሒሳችን ይህ ነው።

ሁለተኛው ሒስ መናገርን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1983 ከቺሊ ለዓለም የቀረበው የምስክርነት ሕክምና፣ ግፍ የተፈጸመበት ሰው ታሪኩን ተናግሮ በጽሑፍ ማኖሩ እንደሚያሽረው ያስተምራል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብርን ያሳለፈው ትውልዳችን ግን መናገር ወዳጅን ማስገደል የሆነበትን ዘመን ያውቃል። የዚያ ሰው ዝምታ ሕመም ሳይሆን ታማኝነት ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው «ከመጀመሪያው ይንገሩን» ማለት የመርማሪውን ድምፅ እንደ ገና ማሰማት ሊሆን ይችላል። በሜልበርን እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመው፣ ፋውንዴሽን ሃውስ በመባል የሚታወቀው የሥቃይ ሰለባዎች መርጃ ድርጅት፣ ምክርን ለስደተኛው ከመሟገት ጋር አጣምሮ መያዙ ተገቢ የሚሆነው ስለዚህ ነው። መታመን ከጥያቄ ይቀድማልና።

ይሁን እንጂ ሒሱ ወደ ራሳችንም መዞር አለበት። በጣልያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ሲቆይ፣ የተቀረው ሕዝብ ሸክም በቤተሰብና በጠበል ስፍራ ላይ ወደቀ። በጠበል ስፍራ በሰንሰለት የታሰረ ሕመምተኛ ያየ ሰው ባህላችን ሁሉ መድኃኒት ነው ሊል አይችልም። አስታማሚም ቢሆን ምስጢር ካልጠበቀ አሳማሚ ይሆናል። በስደት ደግሞ ታማሚው አስተርጓሚውን ገና ሲያየው «የማን ወገን ነው?» ይላል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በትግራይ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ይህ ጥያቄ በለቅሶ ቤት ሳይቀር ሲነሣ ታዝበናል። አስታማሚውን ከክፍሉ ያስወጣው የባዕድ ደንብ ብቻ አይደለም፤ እኛም በመለያየታችን አስወጥተነዋል።

በእኛ አስተያየት መጀመሪያ መደረግ ያለበት ከባድ አይደለም። አማካሪው በመጀመሪያው ቀጠሮ «ማን ቢኖር ይወዳሉ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ታማሚው የመረጠው ሰው ምስጢር ለመጠበቅ ቃሉን ሰጥቶ ይግባ፤ ብቻዬን የሚልም መብቱ ይጠበቅለት። ዕድሮቻችንም ሬሳ ለማንሣት የሚያውጡትን ጉልበት ከፊሉን በሕይወት ያለውን ለማስታመም ያውሉት፤ ማን እንደ መረጠ ሳይጠይቁ፣ በየትኛው ቋንቋ እንዳለቀሰ ሳይመረምሩ። ከአባሎቻችን መካከል በአስተርጓሚነትና በአማካሪነት የሚያገለግሉ አሉ። እነርሱ ከሥራቸው ተነሥተው ይህን አሳባችንን ቢያርሙት ወይም ቢያሟሉት፣ ያቺ እናት ብቻቸውን የተቀመጡበት ክፍል ለሚቀጥለው ሰው ሌላ ወንበር ሊኖረው ይችላል።