አርባኛው ቀንና የሰው ፈቃድ

ወልዲያም ሆነ መርሳ፣ ወይም በሀብሩ ገጠር፣ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» የሚለውን ማጽናኛ ሳይሰማ አይነሣም። አማርኛ ተናጋሪው ሁሉ የሚጋራው ይህ አባባል የሰው ዕጣ ገና በሕፃንነቱ ተቆርጦ አልቋል የሚል ስሜት ያዘለ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚመስላቸውም ብዙ ናቸው። ነገሩ ቢመረመር ግን አርባኛው ቀን የሚመሰክረው ለሰው ፈቃድ ነው።

ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና የሚነሡበት ሥርዓት ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ላይ ካለው የመንጻት ወራት ጋር ይገጥማል። በግእዝ ብቻ ምሉዕ ሆኖ የቆየው መጽሐፈ ኩፋሌም በምዕራፍ 3 አዳም በተፈጠረ በአርባ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀን ገነት እንደገቡ ይተርካል። አዳም የገባው ሊያርስና ሊጠብቅ ነው፤ ትእዛዝ የተሰጠውም ማክበርም መጣስም ስለሚችል ነው። በጥምቀቱ ሥርዓትም በሕፃኑ ስም ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣን ይካዳል፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሃይማኖት ይመሰከራል። ዕጣው ላለቀ ሰው መካድና መመስከሩ ምን ይረባዋል? ሕፃኑ ራሱ አልመረጠም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ኋላ ንስሐ አባት የሚያሻው ግን የተገባለትን ቃል ሊያጸናውም ሊያፈርሰውም ስለሚችል ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ የሚነሣው ከሮሜ መልእክት ምዕራፍ 9 ነው፦ ሸክላ ሠሪው ከአንዱ ጭቃ የወደደውን ከሠራ ለሰው ምን ቀረ? አውግስጢኖስ በኋለኛ ዘመኑ፣ ካልቪንም በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ ምርጫውን ለእግዚአብሔር ብቻ ሰጥተዋል። በእኛ ሊቃውንት ዘንድ የከበረው ዮሐንስ አፈወርቅ ግን ምሳሌው ሰው ፈጣሪውን እንዳይሟገት ይገሥጻል እንጂ ነጻ ፈቃዱን አይሽርም ይላል። በዚያው መልእክት ምዕራፍ 8 ቁጥር 29ም ማወቅ ከመወሰን ቀድሞ ተቀምጧል። የካልቪን ተከታዮች ማወቅ ማለት እዚህ መምረጥ ነው ብለው ይመልሳሉ። እንዲህ ቢሆንም ትእዛዝና ፍርድ የሚጸኑት መልስ መስጠት በሚችል ሰው ላይ ነው።

ከወልዲያ በስተሰሜን በቆቦ ሜዳ ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን የሚያጠጣ ገበሬ ይህን ሁሉ በሥራው ያውቀዋል። ዝናቡን ለፈጣሪ ይተዋል፤ ቦዩን ግን በዶማ ይቆፍራል። የሀብሩ ሙስሊምም «ኢንሻአላህ» ብሎ ማሳውን ዳዋ አያስበላም፤ ስለዚህ በዕጣ ማሳበቡ ከእስልምና ጉርብትና የመጣ ነው የሚል ቢኖር አያስኬደውም።

ክርክሩ የሊቃውንት ብቻ አለመሆኑን የ1966ቱ የወሎ ረሃብ ያሳያል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ገበሬውን ለረሃብ የሚያጋልጠው በጫንቃው ላይ የተቀመጠው ሥርዓት መሆኑን ሞግተዋል። «የእግዜር ቁጣ ነው» ብሎ ማለፍ ያን ጥያቄ ያዳፍነዋል። እርግጥ ልጇን የቀበረች እናት «ዕድሉ ነው» ስትል ራሷን ከመውቀስ ታርፋለች፤ ይህን ከአፏ የሚነጥቅ የለም። ማዳን እየቻለ ዝም ያለ ሰው ያንኑ ቃል ሲናገር ግን ማመካኛ ይሆናል። አዳምም በዚያው ገነት ጥፋቱን ሴቲቱን በሰጠው ላይ ሊያላክክ ሞክሮ ነበር፤ ፍርዱ ግን አልቀረለትም።