ሕጉ የጠየቀውን ያህል

እንግሊዝ አገር አንድ ሰው የቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ሲመዘገብ፣ ከዚያ ወዲያ ከሚገጥመው የጤና ነገር አብዛኛው በዚያ ክሊኒክ መዝገብ ውስጥ ይጠራቀማል። የሆስፒታሉ ደብዳቤ፣ የደም ምርመራው፣ የክትባቱ ቀን፣ በአሥር ደቂቃ ቀጠሮ እያለቀሰ የተናገረው ሁሉ እዚያ አለ። ይህ በሚስጥር የሚያዝ ነገር ነው። ነገር ግን ሕጉ ራሱ «ስጡ» የሚልበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ሚስጥሩ ሜዳ ላይ የፈሰሰ ይመስለዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሥራውን የሚያውቅ ክሊኒክ በእነዚያ ጊዜያት የሚያሳየው የሥራ ጥንቃቄ ነው።

ኩፍኝን እንውሰድ። ሐኪሙ አንድ ሕፃን አይቶ ኩፍኝ ነው ብሎ ከጠረጠረ የላቦራቶሪ ውጤት መጠበቅ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ደንብ ጥርጣሬውን ብቻ በቂ ያደርገዋል፦ በጽሑፍ በ3 ቀን ውስጥ፣ አስቸኳይ ከሆነ ደግሞ ሳይውል ሳያድር በስልክ ማሳወቅ። ቅጹ አጭር ነው። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ በቅርቡ ወደ ውጭ አገር ተሂዶ እንደሆነ፣ በሽታው የጀመረበት ቀን። የጥሩ ሐኪም ሥራ የሚታየው በዚህች በመጨረሻዋ መስመር ላይ ነው። ግዴለሽ የሆነው ሕፃኑ ክሊኒክ የመጣበትን ቀን ጽፎ ያልፋል። ጠንቃቃው እናቲቱን «ሽፍታው መጀመሪያ የወጣው መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካላስታወሰች ከትምህርት ቤት የቀረበትን ቀን እያነሣ ያስታውሳታል። የኩፍኝ ሕመምተኛ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ ከወጣ በኋላ እስከ 4ኛው ቀን ድረስ ሌላውን ይይዛልና፣ የጤና ጥበቃ ባለሙያዎቹ ከዚያች ቀን ወደፊትም ወደኋላም እየቆጠሩ ማን አጠገቡ እንደነበረ ይፈልጋሉ። ቀኗ ከተዛነፈች፣ ሊጠሩ የሚገባቸው ሰዎች ሳይጠሩ ይቀራሉ። የእናቲቱን የድብርት ታሪክ ግን ቅጹ አልጠየቀም፤ ሐኪሙም አይጨምርም።

መረጃው የማን እንደሆነ በትክክል ማወቅም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ለእያንዳንዱ ሰው 10 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል፤ የመጨረሻው አኃዝ ከፊተኞቹ 9 ተሰልቶ የሚገኝ መፈተሻ ነው። አንዱን አኃዝ ቢስቱ ወይም ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ቢያፈራርቁ ስሌቱ አልገጥም ይላል። ይህ ለእኛ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ባል፣ ሚስትና ልጅ ሦስቱም በየአባታቸው ስም ስለሚጠሩ በእንግሊዝ ወረቀት ላይ የማይተዋወቁ ሰዎች ይመስላሉ፤ አንዱ ስም በፓስፖርት በአንድ ዓይነት፣ በሆስፒታል ደብዳቤ በሌላ ዓይነት የላቲን ፊደል ተጽፎ ይገኛል፤ የልደት ቀኑ በእርግጠኝነት ያልታወቀለት ስደተኛም ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይመዘገባል። የመዝገብ ሠራተኛዋ ስም ብቻ አይታ ብትልክ የአንዱ ሕመም ለሌላው ሊሄድ ነው።

የሚሰጠው መረጃ ልክ የት ላይ እንደሚቆም በደንብ የሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ1974 የተወሰነ ጉዳይ ነው። አንድ ሐኪም ከመኪና አደጋ በኋላ ሁለት ሰዎችን አክሞ፣ ፖሊስ ማንነታቸውን ሲጠይቀው የሙያ ሚስጥር ነው ብሎ እምቢ አለ፤ ተፈረደበት፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም ፍርዱን አጸና። የትራፊክ ሕጉ ዛሬም የሚጠይቀው አሽከርካሪውን ለመለየት የሚረዳውን መረጃ ነው። ስለ ቁስሉና ስለ ደም ምርመራው ከሆነ ግን በአብዛኛው የታካሚው ፈቃድ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፈለጋል። ስምና አድራሻ ሰጥቶ እዚያው ላይ መቆም ቀላል ይመስላል፤ ፖሊስ ፊት ለፊት ቆሞ ሲጠይቅ ግን ቀላል አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ሰውየው ራሱ፣ ወይም በእሱ ስም ጠበቃው፣ መዝገቡን ሲጠይቅ የሚመጣው ነው። ክሊኒኩ በአንድ ወር ውስጥ ያለ ክፍያ መስጠት አለበት። ሁሉንም ገልብጦ መላክ ለጋስነት ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ሥራን በሌላ ሰው ጫንቃ ላይ መጣል ነው። ጥሩ ሠራተኛ መጀመሪያ ለታካሚው ትደውላለች፦ ለወገብ ጉዳት ካሳ ብለው ነው የጠየቁት፤ ከልጅነትዎ ጀምሮ ያለው ሁሉ፣ ስለ እስር ቤት ቆይታዎ ለሐኪሙ የነገሩትም ጭምር፣ ጠበቃው እጅ እንደሚገባ ያውቃሉ?

ከዚያ ስንዴ እንደሚለቅም ሰው ገጽ በገጽ ትቀመጣለች። እንበል አንድ ቦታ ላይ «እህቱ ደውላ፣ እንደገና መጠጣት ጀምሯል አለች» የሚል ተጽፏል። የእህቱ ስም አለመጻፉ አይበቃም፤ እህት አንድ ብቻ ካለችው «እህቱ» የሚለው ራሱ ስም ነው።  ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ ይወጣል፤ ከሁለት ወር በኋላ ሐኪሙ «ቤተሰብ እንዳሳወቀን» ብሎ የጻፈውም ተፈልጎ ይወጣል። ስለ መጠጡ ሐኪሙ ራሱ ከታካሚው የሰማው ግን የታካሚው ነውና ይቆያል። ማንበቡ ሰውየውን ክፉኛ ሊጎዳው ይችላል ተብሎ የሚፈራ ነገር ካለም፣ ውሳኔው የሐኪሙ እንጂ የእሷ አይደለም፤ ገጹን ይዛ እሱ ዘንድ ትሄዳለች።

አሰራረዙም ሙያ አለው። በፒዲኤፍ ላይ ጥቁር ሳጥን ብቻ ቢያስቀምጡ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ተገልብጦ ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ ጽሑፉን ከሥሩ የሚያጠፋ መሣሪያ ትጠቀምና፣ የተቀመጠውን ፋይል እንደ አዲስ ከፍታ «እህቱ» የሚለውን ቃል ትፈልግበታለች። ምንም አለመምጣቱን ስታይ ምን እንደተላከ፣ ለማን፣ በየትኛው ሕግ፣ ምን ተቀንሶና በማን ውሳኔ እንደሆነ መዝገቡ ላይ በቀን ትጽፋለች። ከዓመታት በኋላ ሰውየው ወይም እህቱ መጥተው ቢጠይቁ፣ እሷ ሥራውን ለቅቃ ብትሄድ እንኳ ለሁለቱም መልስ የሚሰጠው ያ ማስታወሻ ነው።